የህንዷ ምስርና የእናቴ ጽዋ

ምስሩ ውስጥ ቅቤ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ መካነ ሰላም ውስጥ የእኔ ነገር ሲነሳ ወሬው የሚጀመረው «በጾም ቅቤ ያበላችው» ተብሎ ነውና። እኔ ደግሞ ከዘይቱ እጀምራለሁ። ዘይት ነበር፤ ያውም ከመንገድ ዳሩ ሱቅ በጀሪካን የተገዛ፣ ብርድ ሲነካው የሚረጋው ዓይነት።

ምስሩን የተማርኩት ኩዌት፣ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። የቤቱ ምግብ አብሳይ ህንዳዊት ነበረች፤ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አታንስም። ለአሠሪዎቻችን ሩዙን በሥጋ ከምራ ትልክና ለራሷ በትንሽ ድስት ምስር ትጥዳለች። ሥጋ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ምስሩ በእርድ ብቻ ተቀቅሎ ሲፈርስ፣ በሌላ መጥበሻ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት አቁላልታ ከላይ ትደፋበታለች፤ ቸስ ይላል። እኛ መጀመሪያ የምናደርገውን እሷ መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ጣዕሙ ግን ሌላ አገር ይወስዳል። ለራሷ በቅቤ ነበር የምትወደው። የእኔ ጾም ሲገባ ግን ቅቤዋን ትታ በዘይት ትሠራና ከአንድ ሳህን እንበላለን። ሃይማኖቷ ሌላ፣ አገሯ ሌላ፤ እዚያ ቤት ጾሜን ያስጾመችኝ እሷ ናት።

አገሬ ስገባ እናቴን ታማ አገኘኋት። ብዙም ሳትቆይ አረፈች። የተወችልኝ ትልቁ ነገር የማርያም ጽዋዋ ነው። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሃያ አንድ ቀን በተራ ይደግሳሉ፤ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ አንዷ ስትሞት ልጇ ትተካለች እንጂ ሌላ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። እናቴ በዚያ ማኅበር አርጅታለች። ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ መሪ፣ ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ «የእናትሽ ቦታ ይኸውልሽ» ብለው ከጎናቸው ሲያስቀምጡኝ አለቀስኩ። አገር ለቆ የከረመ ሰው ተመልሶ የሚቀመጥበት ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ምስሩን መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት ለቅሶ ቤት ነው። የህንድ ምግብ ነው ስላቸው ሴቶቹ ድስቱን ከፍተው «ይኼማ ምስር ነው፤ ህንዱ የት አለ?» ብለው ሳቁብኝ። እንደ ህንዷ አድርጌ አብሬው የጋገርኩትን ስስ ቂጣ አዩና ደግሞ «ቂጣ ለመማር ነው ባሕር የተሻገርሽው?» አሉኝ። ድስቱ ግን ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ክርስትናም ይሁን ሰርግ፣ ምርቃትም ይሁን ለቅሶ፣ «የህንዷን ምስር አምጪ» ሆነ። ሥጋ ስለሌለበት ማን ባረከው የሚል ጥያቄ የለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላል። አጥር የምንጋራቸው ሙስሊም ጎረቤቴ «ወላሂ፣ ይኼ ምስር ለኛም ለናንተም የተፈጠረ ነው» ይሉኝ ነበር።

ድስቱን የምጥደው ከአብሮ አደግ ባልንጀራዬ ጋር ነው። እናቴ ስታርፍ ከእኔ እኩል ያለቀሰች ሴት ናት። እሷ ሽንኩርት ስትልጥ እኔ ምስር እለቅማለሁ፤ በዚያ መሐል ለማንም ያልነገርኩትን የኩዌት ኑሮዬን ሁሉ ነገርኳት፤ የህንዷንም ቅቤ ጭምር። ማኅበሩ ውስጥ መግባት ትመኝ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ሞልቷል። በእኔ ተራ ጓዳ ገብታ ስታግዘኝ «በዚሁ ማኅበርተኛ አድርጉኝ» እያለች ትቀልዳለች፤ እኔም እስቃለሁ።

ተራዬ ታኅሣሥ ላይ፣ በነቢያት ጾም ደረሰ። ለዚያ ወር ውርጭ አዲስ አይደለንም፤ ዘይቱ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ አልወርድ ሲል ባልንጀራዬ ነበረች ፀሐይ ላይ አውጥታ ያሟሟችው። ከሙኑን ላቁላላ ስል ጀሪካኑን ዘንበል ያደረገችልኝም እሷው ናት። ድግሱ አማረ። ሙሴዋ አሟቸው ስለቀሩ ድርሻቸውን በሳህን ከድኜ ላክሁላቸው። ማታ ግማሹን ቀመሱ። ጠዋት ክዳኑን ሲያነሱ ግን ከላይ ቢጫ ነገር ጋግሮ፣ የከሙን ፍሬ ጣል ጣል ብሎበት አገኙት። እርድ የገባበት ዘይት በታኅሣሥ ብርድ ሲያድር ከንጥር ቅቤ በምን ይለያል? ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ሴት በእኔ እጅ የገደፉ መሰላቸው። ቁጭ ብለው አለቀሱ አሉ። በእሳቸው አልፈርድም።

አስጠሩኝ። ቤታቸው ስደርስ ማኅበርተኞቹ ተሰብስበዋል። ዘይቱን በሳህን አሳድሬ ላሳያችሁ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ዘይት እንደሚረጋማ እኛም እናውቃለን» አሉ ሙሴዋ። «የዚያን ቀን የገባው እሱ ለመሆኑ ያየ ሰው አለ ወይ?»

አለ አልኩ። እፎይ ብዬ ነበር ያልኩት። ባልንጀራዬ ተጠርታ መጣች፤ ነጠላዋን አፏ ድረስ አጣፍታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አብረሻት ነበርሽ። ምን ገባበት?»

«እኔ ያን ጊዜ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። አላየሁም» አለች። እዚያ ላይ ብታቆም ምናለበት። «ህንዷ ግን በቅቤ ነበር የምትሠራው ብላኝ ታውቃለች።»

ተካድኩ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ውሸቱንስ እመልስላት ነበር፤ እውነቱን ምን ላድርገው? ህንዷ በቅቤ ትወድ ነበር። ይህንን የነገርኳት እኔው ነኝ፣ ጓዳዬ ውስጥ፣ እየሳቅሁ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ከነፍስ አባትሽ ዘንድ ቀርበሽ ንስሐ ግቢና ተመለሽ» አሉ ሙሴዋ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ላልሠራሁት ብናዘዝ ያም ሐሰት ነው እማማ» ብያቸው ወጣሁ። እስከዛሬ «ምን አለበት፣ ሰግደሽ ብትገላገዪ» የሚለኝ ሰው አለ። አለበት እንጂ። ንስሐ የገባሁ ዕለት ቅቤው እውነት ይሆናል።

ባልንጀራዬን ገበያ ላይ አግኝቼ ለምን አልኳት። «ፈራሁ» አለች፤ «እኔም ቀምሼዋለሁ፤ አብረሽ ገድፈሻል ቢሉኝስ ብዬ።» ከፍርሃት ጋር በሰው አገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁና አመንኳት። ሞኝነቴን ተመልከቱ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኔ ደግሞ መጥረቢያውን አቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ይዤ የሄድኩት ድስት ሳይከፈት ተመለሰ። አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። ሴቶቹ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ድስቱን ግን ወደ ጥግ ገፋ ያደርጉታል። ሙስሊሟ ጎረቤቴ «አብሽሪ፣ አላህ ያያል» እያሉ ምስሬን ከነድስቱ ይቀበሉኛል፤ የሳቸው መብላት ደግሞ የባሰ ያስለቅሰኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። ቦታዬ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ያለ እናቴ ጽዋ እዚህ ከተማ ውስጥ ምን እንደሆንኩ አላውቅም ነበርና ሃያ አንድ በመጣ ቁጥር ነጠላዬን አጥቤ አሰጣለሁ፤ ማንም ግን አይጠራኝም።

ሁዳዴ ሲጋመስ ባልንጀራዬ ቤቴ መጣች። ከገበያው ወዲህ ደጄን ረግጣው አታውቅም። የተለቀመ ምስር በሳህን ይዛለች።

«ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አለች። «ከሙኑ ነው የሚቀድመው ነጭ ሽንኩርቱ?»

«ምን ልትደግሺ ነው?»

«ለማርያም። ተረኛ ነኝ።»

«የየትኛው ማኅበር?»

ሳህኑን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ቦታው ባዶ ከሚቀር ብለው ነው እኮ። እኔ ለምኜ አይደለም» አለች። «የህንዷን ምስር ሥሪልን ያሉኝም እነሱ ናቸው፤ ናፍቋቸዋል። የሱፍ ዘይት ገዝቻለሁ። ያ ያንቺ ዘይት ይረጋል።»

መድረኩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ውሃ ልትቀጂ ወጥተሽ አልነበር?» አልኳት። «የትኛው ዘይት እንደነበር በምን አወቅሽ?»

ፊቷ ቀላ፤ ሳህኗን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ በሩ ሄደች። ይቅርታ የምትል መስሎኝ ጀርባዋን እያየሁ ጠበቅሁ። የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ አሁንም ብትል ኖሮ ይቅር እላት ነበር መሰለኝ። ደጁ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ከሙኑ ነው አይደል የሚቀድመው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ከሙኑ ነው» አልኳት። የምታቀርበው በእናቴ ቦታ ተቀምጣ ስለሆነ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ገብቶ እንዲያርባት አልፈለግሁም።