በምን አወቅከው?

«ታዲያ፣ ቤቱ ምን አደረገሽ? ግድግዳና ጣሪያ ነው!» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ አልገባም አልኩ። እዚያ ቤት አልገባም» አለች እህቴ ሩት።

«ማርታ ቡክ አድርጋዋለች እኮ። አስባ፣ ደክማ! ስድሳ ዓመቴን ባከብር ምን አለበት?»

ሩት ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። ፎቶውን አየሁት፤ ያው የዚያን ጊዜው ቤት ነው። ነጭ የድንጋይ ቤት፣ ጥቁር በር፣ ከጓሮው ባሻገር በረድፍ የተተከለ ወይን። ቤቱ ያለበት ከተማ፣ ግሬፕቫይን፣ እናቴና እኔ ከምንኖርበት ከቤድፎርድ ብዙም አይርቅም፤ እኛ ግን ከስምንት ዓመት ወዲህ አልረገጥነውም። የአጎታችን ልጅ ማርታ ያኔ ገና የአስር ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤቱ የምታስታውሰው የመዋኛ ገንዳውን ብቻ ነው።

ያኔ እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። አንድ ሥራ ላይ አልረጋም፤ ማንም ሳያስተምረኝ ስልኬ ላይ ግጥም እጽፍ ነበር። ሩት ናሆም ከሚባል ነርስ ጋር ልትጋባ ነበር። የእሱ ዘመዶች አዲስ አበባ ስለሆኑ በወግ ሊተዋወቀን የሚመጣው ብቻውን ነበር። የእናቴ ወንድም ጋሽ ታደሰ «ልጁን እዚህ አፓርትመንት ውስጥ አንቀበለውም» ብለው ለቅዳሜና እሁድ ያንን ቤት ተከራዩልን።

ነሐሴ ነበር። በሙቀቱ አስፋልቱ ከርቀት ውሃ የተደፋበት ይመስላል። የዶሮ ወጡን ድስት በፎጣ ጠቅልለን የኋላ ወንበር ላይ በመኪና ቀበቶ አሰርነው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ክዳኑን ይዤ ሄድኩ። ስንገባ ሁላችንም ጫማችንን አወለቅን። የኩሽናው እብነ በረድ ከእኔ አልጋ ይሰፋል። ምንጣፉ እንደ ወተት ነጭ ነው። ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ቆሙና «ይሄን ያነጠፈ ሰው ወጥ በልቶ አያውቅም» አሉ። የዚያ ቤት በር ቁልፍ የለውም፤ ቁጥር ይመታበታል። ሲዘጋ ደግሞ እንደ ትንኝ «ዝዝዝ» ብሎ ራሱን ይቆልፋል። ማርታ ለዚያ ድምፅ ብላ አስር ጊዜ ወጥታ ገባች።

አከራዮቹ እብነ በረዱ ላይ አንድ ጠርሙስ ትተውልን ነበር። ላዩ ላይ ሐምራዊ የወይን ዘለላ ተስሎ ከሥሩ በትልቁ የከተማዋ ስም ተጽፏል። እናቴ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት አነበበች። «ግሬፕ! አያችሁ፣ ጁስ አስቀምጠውልናል።» ቤተ ክርስቲያናችን ለጌታ እራት የሚያቀርበው እሱኑ ነው፤ ክዳኑም በእጅ የሚዞር ነበር። ማንም አልተጠራጠረም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መጠጥ አውቃለሁ የሚል ሰው የለማ።

እዚህ ላይ አባቴን ማንሳት አለብኝ። አባቴን የገደለው መጠጥ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ ከአማች የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ጠብታ ያልቀመሰ። ናሆም እንደማይጠጣ ታውቃለች። ይጠጣ እንደነበር፣ ሥራ እስኪያጣ ድረስ ጠጥቶ እንደተወው ግን የምናውቀው ሩትና እኔ ብቻ ነበርን። ከሠርጉ በፊት ራሱ ሊነግራት ቀን እየጠበቀ ነበር።

ናሆም መጥቶ ለእራት ስንቀመጥ ፀሐይ ከወይኑ ረድፍ በላይ ቀልታ ቆማለች። እናቴ በየብርጭቆው ቀዳች፤ ለማርታም ጭምር። ጋሽ ታደሰ ጸለዩ፣ መረቁ፣ አሜን አልን፣ ተጎነጨን። ለእኔ የቆየ ጁስ መሰለኝ። እናቴ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ናሆም በአፉ የያዘውን በናፕኪን ላይ ተፋው።

«ይሄ ወይን ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው፣ ወይን ነዋ!» ብለው ጋሽ ታደሰ ሳቁ።

በአማርኛ ፍሬውም መጠጡም ያው ወይን ነው። ቋንቋችን በዚያች ቅጽበት መውጫ ሰጥቶት ነበር። አብሮ ስቆ ዝም ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። ዓይኑ ግን ማርታ ላይ ነበር፤ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ እየጠጣች ነው። ተነስቶ ከእጇ ወሰደባት።

«ጋሼ፣ የሚያሰክረው ነው። ልጅቷን አታጠጧት።»

ሁሉም ጠርሙሱን ሳይሆን እናቴን አየ። የቀዳችው እሷ ናት። እሷ ደግሞ ናሆምን አየችው።

«አንተ በምን አወቅከው?»

 ናሆም መዋሸት ይችል ነበር፤ ነርስ ነኝ፣ ሽታው ነገረኝ ማለት ይችል ነበር። «ጠጪ ነበርኩ፣ እማማ። ትቼዋለሁ» አላት። እናቴ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። ሩት ብድግ አለች። «ተቀመጪ» አለቻት እናቴ። ሩት ተቀመጠች። ከዚያ «ዝዝዝ»።

ከሳምንታት በኋላ ናሆም የሩትን ስልክ አንዴ አነሳላት። «ስትቀመጪ አየሁሽ» ብሏት ዘጋው። ከዚያ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ።

«እማዬ፣» አለች ሩት አሁን፣ ስልኩ በመካከላችን በርቶ ተቀምጧል፣ «ያን ጥያቄ ባትጠይቂው ኖሮ...»

«ምን ላድርግ? ሁሉ ሳያውቅ እሱ ብቻ ሲያውቅ አይጠየቅም?»

«እሱ ብቻ! አዎ፣ እሱ ብቻ!»

እናቴ ምንም የሌለበትን ጠረጴዛ በመዳፏ ጠረገች። ደግማ ጠረገችው። «እሱ ብቻ እንኳ አልነበረም» አለች።

«ምን?»

«ገና ምላሴን ሲነካው አውቄዋለሁ። ከአባታችሁ ጋር፣ እናንተ ሳትወለዱ... እኔስ ወጣት አልነበርኩም? የቀዳሁት እኔ። ወንድሜ አጠገቤ፣ ልጆቼ ፊቴ። ሁላችሁም እኔን ስታዩኝ ጊዜ ጨነቀኝ። ዓይናችሁ ከእኔ ላይ ይነሳልኝ ብዬ ነው።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። ስለዚያ ጥያቄ ስንት ግጥም ጽፌያለሁ! በሁሉም ውስጥ እናቴ ያላወቀች፣ በአባቴ ሞት የከረረች ሴት ናት፤ ለዚያም ስል ይቅር ብያት ነበር። ለካ እሱ ሳይመልስላት በፊት መልሱ በራሷ አፍ ውስጥ ነበር። ተናግሮ ከዓይናችን ያዳናት እሱ፤ በሩን ያሳየችው እሷ። አሁን ይቅር የምላት የትኛዋን ሴት እንደሆነ አላውቅም።

ሩት አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አነሳች፣ በር ላይ ያወለቀችውን ጫማ በቀስታ አደረገች።

«ሩትዬ፣ ተቀመጪ» አለች እናቴ። ቃሉ ያው የዚያን ቀኑ ነው፤ ድምፁ ግን ይለምናል።

የእኛ ቤት በር ራሱን አይቆልፍም። ወጥተው ካልሳቡት አይገጥምም። ሩት ወጣች፣ ሳበችውም።