የካቺሲው መምህር መርዶ

የያዙኝ ፀጉር ቤት ነው። ግራው ተስተካክሎ፣ ቀኙ ሳይነካ፣ ጨርቁ አንገቴ ላይ እንደታሰረ ሁለት ፖሊሶች ገቡና "ተነስ" አሉኝ። ቆራጩ "ትንሽ ነው የቀረው" ብሎ ለመናቸው። "እዚያ ይጨርሱለታል" አለ አንደኛው። አልጨረሱልኝም። በዚያ ሰሞን አምቦ ውስጥ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ይታፈስ ነበር፤ ጎረምሳ ያልሆነውም፣ እንደ እኔ ያለው የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ጭምር።

የገባሁበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል መስኮት አለች፤ ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ። አንዱ እግሩን ከዘረጋ ሌላው ማጠፍ አለበት። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ጉንዳን እንደረገጠ ሰው ነኝ፤ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። መንጎራደጃ ስለሌለ ግድግዳ ተደግፌ እግሬን እያፈራረቅሁ እቆማለሁ። ከሸነን የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ፤ ሁላችንም በአክብሮት፣ በኦሮምኛ፣ ኦቦ ነበር የምንላቸው። ቀና ብለው ያዩኝና "ያንተ እግር እኛንም አደከመን" ይሉኝ ነበር።

አጠገቤ የሚተኛው ከካቺሲ የመጣ መምህር ነው። ወጣት፣ ቀጭን፣ ጴንጤ። ጠዋት ጠዋት ሳይሰማ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል። ጥፋቱ ወረቀት አልፈርምም ማለቱ ብቻ ነበር። ወረቀቱ የሚለው "ተማሪዎቹን ለሰልፍ ያነሳሳቸው ርዕሰ መምህሩ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ" ነው። አላየም። መርማሪው በየጊዜው እያስጠራ "ፈርምና ወደ ቤትህ" ይለዋል፤ እሱም "አላየሁም" ብሎ ይመለሳል። ርዕሰ መምህሩ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር። ከተፈረመበት ዓመታት እንደሚቆጥር ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ ስታመጣ ሁለት ፌስታል ይዛ መጣች። የመምህሩን ስንቅ የምታመጣለት አምቦ የምትኖር አክስቱ ነበረች። ጠያቂን ከእስረኛ የሚለየው ገመድ ጋ ጠጋ ስል ባለቤቴ ፖሊሱን ገልመጥ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ፊትህን እንዳትለውጥ። የመምህሩ እናት ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። አክስቱ ወደዚያው ሄዳለች። ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ነው።"

"ለቀብር አይለቁትም?"

"ሽማግሌ ልከው ነበር። መርማሪው 'ነገ ጠዋት እኔው እነግረዋለሁ፤ ከፈረመ በመኪና እናደርሰዋለን' አላቸው።" ፌስታሎቹን እጄ ላይ አደረገች። "ብላ እንግዲህ" አለች ጮክ ብላ፣ ለፖሊሱ።

ፌስታሎቹን ይዤ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። በአገራችን መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ሰውየው ቀድሞ እህል ይቀምሳል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎህ ሲቀድ፣ ወዳጅ ዘመድ ከቦት ይነገረዋል። ይህ ሰው ግን የእናቱን ሞት በጠረጴዛ ማዶ፣ እስክሪብቶ ከያዘ ሰው አፍ ሊሰማ ነው።

ለኦቦና ለአንድ የጉደር ሹፌር ነገርኳቸው። ሹፌሩ ወዲያው ራሱን ነቀነቀ።

"አንንገረው። አሁን ካወቀ ሌሊቱን ሲብሰለሰል አድሮ ይፈርማል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ የልጆች አባት ነው።"

"ነገ መርማሪው ሲነግረውስ?" አልኩት።

"ድንገት ሲሆንበት ይቆጣል፤ ተቆጥቶ እምቢ ይላል።"

"ወይም እጁ ሳያስበው ይፈርማል" አልኩ። ተናድጄ ነበር። እናቴ ትዝ አለችኝ። በደርግ ጊዜ ወንድሟ ሲገደል ማልቀስ ተከልክላ ነበር፤ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ቤት እየሄደች የራሷን ሐዘን ታለቅስ ነበር። ያ መንግሥት ሄደ፤ ሌላው መጣ፤ የሰው ሐዘን ግን ዛሬም የመንግሥት ንብረት ነው።

ኦቦ ጢማቸውን እያሻሹ "የሞተችው የሱ እናት ናት፤ የሚፈርመውም የሱ እጅ ነው" አሉ። "እኛ ምን አግብቶን እንደብቀዋለን? ሲነጋ ይነገረው። አንተ ትነግረዋለህ።"

"ለምን እኔ?"

"ካንተ ጋር ነው የሚስቀው።"

ማታ እራት ላይ ሁሉም ጉርሻ ያቀብለው ጀመር። መምህሩ አፉ ሞልቶ ሳቀ።

"ምነው ዛሬ? ሙሽራ አደረጋችሁኝ እኮ! ጋሼ፣ ምን ተገኘ?"

"ከስተሃል፤ ብላ" አልኩት።

"እናቴ ብታየኝ ደግሞ ምን ትል ይሆን" አለ። "ጉልበቷን ያማታል። ስወጣ አምቦ አምጥቼ ፍል ውሃ አስገባታለሁ ብያታለሁ።"

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። እስኪነጋ አልተቀመጥኩም።

መስኮቷ መገርጣት ስትጀምር ኦቦ ትከሻውን ነካ አድርገው "ተነስ፣ ፊትህን ታጠብ" አሉትና የፕላስቲክ ጠርሙሱን ሰጡት። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ድምፅ "ፊትህን ታጠብ" የተባለ ሰው ሌላ ነገር አይጠብቅም። ዞር ሲል ሁላችንም ነጠላና ጃኬታችንን አደግድገን ተቀምጠናል።

"ማነው?" አለ። "አባቴ ነው?"

ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። "እናትህ ናት" አልኩት።

አልገባው ይሆን ብለው ነው መሰል፣ ኦቦ በእናቱ ቋንቋ ደገሙለት፦ "ሃቲ ኬ ቦቆቴ፣ ኢልማ ኮ።" እናትህ አርፋለች፣ ልጄ።

የቀረውን እንዳልተወው ፈርቼ ቶሎ ቶሎ ተናገርኩ። "ቀብሩ ዛሬ ቀትር ላይ ነው። ጠዋት ይጠሩሃል። ከፈረምክ ያደርሱሃል። ሁሉንም ከኛ ስማው ብለን ነው።"

ጮኸ። ከዚያ እኛም አለቀስን፤ እያንዳንዱ ለራሱም ጭምር። ዘቡ በሩን በዱላ ደበደበ።

"ምንድነው ይሄ? ዝም በሉ!"

"ለቅሶ ነው" አሉ ኦቦ።

"የማን?"

"የዚህ ልጅ እናት።"

"እግዜር ያጥናው" አለ ዘቡ፤ ዱላውን እየጎተተ ሄደ።

ሊጠሩት ሲመጡ ፊቱን ታጥቦ ጨርሶ ነበር። በሩ ላይ ቆም ብሎ "ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ያን ያህል ረጅም ጠዋት አላውቅም። የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር አንገታችንን እናወጣለን። እኔ በልቤ አንዴ ፈርም እለዋለሁ፣ አንዴ አትፈርም እለዋለሁ። ሹፌሩ "መኪና ሲነሳ ከሰማሁ አበቃ" እያለ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና መምህሩ ገባ። ቦታው ላይ ተቀመጠና ራሱ ነገረን።

"ፊቱን አሳዝኖ 'የሚያስደነግጥ ነገር ልነግርህ ነው' አለኝ። 'ሰምቻለሁ፤ ወገኖቼ አልቅሰውልኛል' አልኩት። ማን ነገረህ ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ወረቀቱን አመጣው። አላየሁም አልኩ።"

ቀትር ላይ ተነስቶ ቆመ። "አሁን እያወረዷት ነው" አለ። ሁላችንም ቆምን። በኦሮምኛ አጭር ጸሎት አደረገ፤ እኛ ኦርቶዶክሶቹም አሜን አልን።

ከሰዓት በኋላ ለሽንት ቤት ሊያወጡን በሩን ሲከፍቱልን ወሬው ቀድሞን ነበር። የሌሎቹ ክፍሎች እስረኞች ተሰልፈው በኛ በር ሲያልፉ አንድ በአንድ ቆም እያሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ያጽናኑታል። "እግዚአብሔር ያጽናህ።" "ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ።" ሰልፉ ተንቀረፈፈ። ፖሊሶቹ "ቶሎ በሉ" ሊሉ አፋቸውን ይከፍቱና ይተዉታል። ርዕሰ መምህሩም አለፈ። የመምህሩን እጅ ይዞ "በርታ" አለው። ስለ ወረቀቱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ መምህሩም አልነገረው።

ከዓመታት በኋላ፣ መንግሥቱ ተለዋውጦ፣ ሁላችንም ከተፈታን ወዲህ፣ ያልተደረሰ ለቅሶ ዕዳ ነውና ኦቦ፣ ሹፌሩና እኔ ካቺሲ ሄድን። ኦቦ አርጅተው በሰው ተደግፈው ነበር። መምህሩ እዚያው ነበር፤ እህቱ ተቀበለችን። "መርዶውን የነገረው ማነው?" ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኳት።

"እስኪመሽ ጠበቅነው" አለች። "ከፖሊስ 'እየመጣ ነው' ብለው ደውለውልን ነበር። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ሰው ቆሞ፣ ዓይናችን መንገድ መንገዱን ሲያይ መሸብን።"

ይህን አላውቅም ነበር። የምገባበት ጠፋኝ። መምህሩ ነው የመለሰላት።

"እሱ ነገረኝ እንጂ አላስቀረኝም። የቀረሁት እኔ ነኝ።"

እህቱ ዓይኗን ጠረገች። "ታዲያ ምን ቁጭ አላችሁ?" አለችን። "አልቅሱላት እንጂ፣ ለዚህ አይደል የመጣችሁት?"

አለቀስን። አላውቃቸውም፤ ግን እንደ እናቴ አለቀስኩላቸው።

አሁንም ሰው ይታሰራል፤ ስሙ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። እከሌ ተያዘ ሲባል ሰው ሁሉ "ምን አድርጎ?" ይላል። እኔ "እናቱ አለች?" ብዬ ነው የምጠይቀው።