ቬርሊን ካምቢዮው ውስጥ ያገኘው ውሃ

ቬርሊን ሃውግስታድ ሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራውን የበላው ውሃ እየፈለገ ነው። በአዮዋ ገጠር፣ በገበሬዎች ማኅበር የእህል ጎተራ በር ላይ ቆሞ፣ በቆሎ ጭኖ የመጣውን ሁሉ እፍኝ እየዘገነ እርጥበቱን ይለካ ነበር። የረጠበ በቆሎ ሚዛን ይደፋል፤ ስለዚህ በእሱ ዓይን ገበሬ ማለት ዝናብ በኩንታል የሚሸጥ ሰው ነው። የቄሱን ጭነት እንኳ ሳይለካ አሳልፎ አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእሱ የሥራ መመሪያው ነበር። ጡረታ ሲወጣ መለኪያውን አስረከበ፤ ጥርጣሬውን ግን የጠየቀው ስላልነበረ ይዞት ቤቱ ገባ።

እንዲህ ያለ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም። ቬርሊንም የነበረው አንድ ብቻ ነው፦ ጎረቤቱ ኦሪን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር የነበረው። አርባ ዓመት ሲሰዳደቡ ኖረዋል። ኦሪን ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ አንካሳ ውሻውን እየጎተተ በቬርሊን ጋራዥ ጎን ያልፋል።

ጋራዡን የሞላው የሚስቱ የአርዲስ ማቀዝቀዣና የጃም ብልቃጥ ስለሆነ፣ ሣር የሚያጭድባት አሮጌ ትንሽ ትራክተር የምታድረው ውጭ ነው። የካምቢዮዋን ዘይት በየዓመቱ በግንቦት ራሱ ይቀይራል። በዚያ ግንቦትም ከሥር ሳፋ አስቀምጦ የማፍሰሻውን ብሎን ሲፈታ፣ የወረደው ዘይት ወተት ይመስላል። በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። ዘይት እንዲህ የሚነጣው ውሃ ሲገባበት ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ሳይለው አልቀረም።

"አርዲስ! ውሃ ጨምረውብኛል!"

"እነማን?"

"ይደረስባቸዋል።"

"ዝናብ ይሆናላ፣ አንተ ሰውዬ።"

"ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል እኮ! ዝናብ እጅ አለው?"

ፊልትሮውን ለወጠ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ሁለት ጊዜ ዘነበ፤ ቢከፍተው እንደገና ወተት። ያን ጊዜ ነገሩ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑን እርግጠኛ ሆነ። በኩሽናው መስኮት አድፍጦ ሲጠብቅ፣ አመሻሽ ላይ ኦሪን መጣ። ሰማዩን አየት አደረገ፣ ትራክተሯ ላይ ጎንበስ አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በእጁ አንድ ነገር ሠራና ውሻውን ይዞ ሄደ። ቬርሊን ባለፈው ነሐሴ በአውራጃው ባዛር የትናንሽ ትራክተሮች ክብደት መጎተት ውድድር ላይ ኦሪንን በሁለት ክንድ ቀድሞት ነበር። ለካ ሰውየው ቂም ይዟል!

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በማኅበሩ ቢሮ ተሰብስበው ዶናት ይበላሉ። ከሁለቱ ሌላ ስምንት ነበሩ።

"እዚህ መሐላችን በሰው ካምቢዮ ውሃ የሚጨምር አለ" አለ ቬርሊን።

"ምነው፣ ትራክተርህ ጠማት እንዴ?" አለ አንዱ፤ ሳቁ።

"ኦሪንን ጠይቁት።"

ኦሪን ዶናቱን አስቀመጠ። "እኔን ነው?"

"አመሻሽ ላይ እዚያ የምታጎነብሰው ለጸሎት ነው?"

የሳቀ የለም። ኦሪን ቆቡን አድርጎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቬርሊንም ሊመልሰው አልሞከረም።

ከዚያ ወዲህ ውሻው በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ቬርሊን ዘይቱን እንደገና ለወጠ፤ ዝናቡ ዘነበ፤ ዘይቱ ግን ኩልል እንዳለ ቆየ።

"አየሽ?" አለ ቬርሊን። "እሱ ሲቀር ውሃውም ቀረ።"

"አየሁ" አለች አርዲስ። "ዘይትህ ጠራ፤ በርህን የሚያንኳኳ ሰው ግን የለህም።"

በሰኔ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ቬርሊን ሣር ሊያጭድ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ውሃው ሱሪውን አልፎ ገላው ደረሰ። እየተሳደበ ብድግ አለና ደርቆ ቀረ። በዚያ አገር ትራክተሩን ውጭ የሚያሳድር ሰው መቀመጫው እንዳይረጥብ ወንበሩን ወደ ፊት ደፍቶት ይገባል። ቬርሊንም ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ተደፍቶ ሲያገኘው፣ ማታ ራሴ ደፍቼው ነው ብሎ ያምን ነበር። ስንት ዓመት ደረቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ! ወንበሩን አንሥቶ ከሥሩ ያለውን የዘይት መሙያ ክዳን ነቀለ። የውስጡ ጎማ በእርጅና ተሰነጣጥቋል። ወንበሩ ሲደፋ ክዳኑ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ዝናቡ በስንጥቁ ይወርዳል። ሰውን ሁሉ የጠረጠረ፣ ደግነትን ግን ያልጠረጠረ ሽማግሌ አፈረ። ሱሪውን ሳይቀይር ሄደ።

ኦሪን በሩን ከፈተና ወደ ታች ተመለከተ። "ምነው፣ ሳትደርስ አመለጠህ?"

"ወንበሩ እርጥብ ነው።"

"ዘንቦ የለ እንዴ?"

"የምትደፋው አንተ ነበርክ።"

"ወገብህ እርጥብ አይወድማ። አንዴ ከረጠብክ ሳምንት ትነጫነጫለህ፤ የምሰማህ ደግሞ እኔ ነኝ።"

"የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቋል። ስትደፋው በዚያ ይገባል። ስለዚህ ውሃውን ያስገባኸው አንተው ነህ።"

"ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትከሰኝ?"

ቬርሊን ተቁነጠነጠ። "ይቅርታ" አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"ስትወነጅለኝ ስንት ሰው ይሰማ ነበር?"

"ስምንት።"

ኦሪን ራሱን ነቀነቀና በሩን ዘጋ።

ቅዳሜ ቬርሊን ከስምንቱ ፊት ቆሞ ወንበሩንም፣ ጎማውንም፣ ሞኝነቱንም ተናገረ። ኦሪን አልመጣም። ሰዎቹ ያደርሱልኛል ብሎ ስላላመናቸው በሳምንቱም ያንኑ ደገመ። "ሰማን እኮ!" አሉት ዶናት በአፋቸው እንደያዙ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ኦሪን ገብቶ በቦታው ተቀመጠ።

"ነግረውኛል" አለ።

"ማን?"

"ስምንቱም።"

"አሟልተው ነግረውሃል?"

"አሟልተው።"

ቬርሊን ስምንቱን አንድ በአንድ አያቸው። አላመናቸውም። ከወንበሩ ተነሣና፣ ዓይኑን ከኦሪን ሳይነቅል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ተናገረው።