ያቋረጡ ሰዎች ደብተር

ሶሬቲ ገመዳ ነርስ አልነበረችም። ከወለጋ መጥታ በሚሲዮኑ ሆስፒታል የተቀጠረችው በጽዳት ነው። አራት ዓመት ወለል ወለወለች፤ ከዚያ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምራ ድሬሰር ሆነች። የወሎ ሰፈር ሰው ግን ነጭ ጋዎን የለበሰችን ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። መጀመሪያ ላይ «ኧረ እኔ ሲስተር አይደለሁም» እያለች ታርማቸው ነበር። በኋላ ደከማትና ተወችው።

ሆስፒታሉ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ነው። የውጭ አገር ምእመናን ያቋቋሙት ስለሆነ ለትርፍ አይሠራም። ያለው የሚችለውን ይሰጣል፣ የሌለው ከቀበሌው የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ያመጣል፣ ደብዳቤው ያልተሳካለትም ቢሆን ተመልሶ አይሄድም። ከግቢው ውጭ ሁለት ትናንሽ ክሊኒኮች ነበሩት፤ አንዱ ሾላ ገበያ ጀርባ፣ ሌላው ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሀል። ሶሬቲ የምትሠራው በወሎ ሰፈሩ ሲሆን ሥራዋም የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን መከታተል ነበር።

የዚያን ጊዜው የሳንባ መድኃኒት ትዕግሥት ይጨርሳል። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉና ከዚያም በላይ ክኒን። ሰው ደግሞ ሰው ነው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ተወግቶ ሳሉ ጋብ ሲልለት «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል። የቀረ ሰው ይሞታል፤ ከመሞቱ በፊትም ቤቱን በሙሉ ያስይዛል። ስለዚህ ሶሬቲ ማክሰኞና ዓርብ መርፌዋን በቦርሳ ይዛ፣ በጋዎኗ ላይ ነጠላ ደርባ፣ ያቋረጡትን በየቤታቸው ትፈልጋለች።

ለዚህ ሥራ አንዲት የተማሪ ደብተር ነበረቻት። ስም አትጽፍባትም። የሳንባ በሽተኛ ያለበት ቤት ጎረቤት አይገባበትም፣ ልጅ አይታጭበትም፣ ሠራተኛ ከሆነም ከሥራው ይባረራል። ለእያንዳንዳቸው «ከእኔ አፍ አይወጣም» ብላ ቃል ገብታላቸዋለች። ስለዚህ የምትጽፈው የካርድ ቁጥር፣ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደልና የቤት ቁጥር ብቻ ነው። አክታው ተመርምሮ በሽታው የተገኘበት ሰው ጎን የመደመር ምልክት ታደርጋለች። ሕክምናውን ያቋረጠውን ታከብበዋለች።

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነበር። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ መዞር ምን ማለት እንደሆነ ሶሬቲ ማሰብ ነበረባት። አላሰበችም። ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ደረታቸው ላይ ወረቀት የተለጠፈባቸውን ሬሳዎች ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ ታልፋለች፤ «እኔ ፖለቲካ አላውቅ፣ ማን ይነካኛል» እያለች ራሷን ታጽናናለች።

በጥር ወር አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ጋራዦቹ ጥግ ላይ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስቆሟት። ቦርሳዋን ገለበጡት። መርፌው ወደቀ፣ ጥጡ ወደቀ፣ ደብተሩም ወደቀ። አንደኛው አንስቶ ገለጠውና ለጓደኛው አሳየው። ጓደኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ቅደሚ» አላት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድሮ የአንድ ሀብታም መኖሪያ ነበር። ያስገቧት ክፍል ውስጥ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። ጥግ ላይ አንድ እግር የሴት ጫማ ወድቋል፤ ተረከዙ ተገንጥሏል። ሶሬቲ እሱን አይታ፣ ማንም ተቀመጪ ሳይላት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ሊቀመንበሩ ዓለምሰገድ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት እዚያው ሰፈር መካኒክ ነበር፤ ጥፍሮቹ ሥር አሁንም የግሪስ ጥቁረት አለ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ብዙ አየው።

«ይሄ መስቀል ምንድን ነው?»

«መስቀል አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። መደመር ነው።»

«ማንን ከማን ጋር ነው የምትደምሪው?»

«ለሕክምና ነው። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነኝ።»

«ክቡስ?»

«ያቋረጠ ማለት ነው።»

«ምኑን ያቋረጠ? ድርጅቱን? እነዚህ የሚመቱ ናቸው?»

«ኧረ በእግዚአብሔር! መድኃኒት ያቋረጡ ናቸው!»

«የምን መድኃኒት? በሽታው ምንድን ነው?»

ከእኔ አፍ አይወጣም ያለቻቸው አሥራ አራት ሰዎች በዓይኗ ላይ መጡ። ዝምታዋ ሲረዝም ዓለምሰገድ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ መጣና በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጮኸ። ሁለተኛ ሳይደግማት «የሳንባ ነቀርሳ ነው! የሳንባ በሽተኞች ናቸው!» ብላ ጮኸች። ያንን እንዳለች ከጥፊው ይልቅ ያለችው ነገር አመማት።

«ሆስፒታሉን ይጠይቁ፣ ካርዳቸው አለ» አለችው እያለቀሰች።

«ሆስፒታሉ የፈረንጅ ነው። ካርድ እንደሆነ ይጻፋል።» ደብተሩን አጥፎ ተነሣ። «ሰዎቹን እንጠይቃቸው። አንድ ሰው ‹አዎ፣ እሷ ናት የምታክመኝ› ካለ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ።»

ካላለስ ብላ አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራትም።

ሁለት ጠመንጃ ከኋላ፣ ሊቀመንበሩ ከፊት፣ እሷ መሀል ሆነው ወጡ። ሰፈሩ ሲያያቸው በሩን ዘጋ። በዘወትር ቀን «ሲስተር፣ እንደምን አደርሽ» የሚሏት ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ።

መጀመሪያ የሄዱት አቶ መኩሪያ ዘንድ ነው። አቶ መኩሪያ ቦሌ ኤርፖርት ሻንጣ ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሶሬቲ አርባ አንድ መርፌ ወግታቸዋለች፤ አሥር ቀን ቀርተውባት ነበር። የእህታቸው ልጅ ከቤታቸው ከተወሰደ ወር አልሞላውም። በሩን ከፍተው ጠመንጃውን ሲያዩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ይቺን ሴት ያውቋታል?» አላቸው ዓለምሰገድ።

ሽማግሌው አዩዋት። ጉንጯ ላይ የጣት ምልክት አለ።

«አላውቃትም» አሉ።

«መርፌ ትወጋዎታለች ወይ?»

«እኔ ደኅና ነኝ ልጄ። ምን ሆኜ እወጋለሁ?»

ሶሬቲ አፏን ከፈተች። ክኒናቸው የት እንዳለ ታውቃለች፤ አልጋቸው ሥር ባለ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ራሷ ናት ያስቀመጠችላቸው። «አልጋው ሥር ፈትሹ» ብትል ነፃ ትወጣለች። ሆኖም አቶ መኩሪያ አሁን ዋሽተዋል። ለአብዮት ጥበቃ የዋሸ ሰው ምን እንደሚሆን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሷ ራሷ ኋላ ስታወራው «አንድ ሰከንድ ቢቆዩ ኖሮ እለው ነበር» ትላለች። ዓለምሰገድ ግን ፊቱን አዙሮ መንገድ ጀመረ። ሶሬቲም አፏን ዘጋች።

ሁለተኛው ቤት የየሻሽወርቅ ነበር። የሻሽወርቅ ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ሆቴል ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ማታ ማታ ስለምትሠራ ጠዋት ቤቷ ትገኛለች። በሽታዋ ከታወቀ በማግስቱ ከሥራ ትወጣለች፤ የምታሳድገው ልጅ አላት። በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማቻቸው።

«ቤት ተሳስታችሁ ይሆናል። እኔ እሷን አይቼ አላውቅም።»

ፊቷ ደም ለበሰ። ሶሬቲ ምን እንደሆነ ገባት፤ ሳሏን አፍና ነው። በሩ ተዘግቶ አምስት እርምጃ ሳይራመዱ ሳሉ ከውስጥ ፈነዳ፤ ረጅም፣ እርጥብ፣ የሚቀድ ሳል። ዓለምሰገድ ቆመ። ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። አይቶ አይቶ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ሶሬቲ እግሯ መሬት መርገጡን አታውቅም ነበር። አልተቀየመቻቸውም። ትናንት ጠመንጃ ይዘው መጥተው «ይቺን ታውቂያታለሽ ወይ?» ቢሏት እሷስ ምን ትል ነበር? በልቧ በኦሮምኛ መዝሙረ ዳዊት ጀመረች፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋባት። ከኋላዋ ያሉት ጠባቂዎች ስለ ምሳ ያወራሉ።

«ቁጥር ዘጠኝ፣ ‹ወ›» አለ ዓለምሰገድ ደብተሩን አይቶ።

ሶሬቲ ተስፋ የቆረጠችው እዚህ ላይ ነው። «ወ» ወርቅዬ ናት። ሾላ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ከሁሉም ይልቅ በሽታዋን አጥብቃ የምትደብቀው እሷ ነበረች። ሳሏን ለባሏ እንኳ «የበርበሬ ሳል ነው» ብላው ስድስት ወር ኖራለች። ሶሬቲ የምትወጋት ባሏ ገብረየስ ለአናጢነት ሥራው ሲወጣ ጠብቃ ነው።

የዚያን ቀን ገብረየስ ቤት ነበር። ግቢው ውስጥ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ወርቅዬ ሰሌን ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ጠመንጃውን ሲያዩ ሁለቱም ተነሡ።

«ጋሼ ገብረየስ፣ ደኅና ዋሉ» አለ ዓለምሰገድ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ?»

ወርቅዬ ሶሬቲን አየቻት። ከዚያ ባሏን አየችው።

«ከየት ታውቃታለች?» አለ ገብረየስ ቀድሞ። «ሚስቴ ከገበያና ከቤት ሌላ አታውቅም።»

«እሷን ነው የጠየቅሁት።»

አንደኛው ጠባቂ በርበሬው አፍንጫው ገብቶ አነጠሰ። ሶሬቲ ዓይኗን ጨፈነች።

«አውቃታለሁ» አለች ወርቅዬ።

«ከየት?»

«ታክመኛለች። የሳንባ በሽተኛ ነኝ።» ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተሰበረም። «መርፌ ትወጋኛለች። ባሌ አያውቅም። ደብቄው ነው።»

የገብረየስ መዶሻ ከእጁ ወደቀ።

«ማስረጃ አለሽ?» አላት ዓለምሰገድ።

ወርቅዬ ወደ ጓዳ ገብታ የበርበሬ ጆንያ ሥር ከተቀበረ የወተት ጣሳ ውስጥ የወረቀት ፖስታ አውጥታ መጣች። የሆስፒታሉ ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙ በላይ በሶሬቲ እጅ «9 ወ» የሚል ተጽፏል። ዓለምሰገድ ክኒኑን መዳፉ ላይ አፍስሶ አየው። ቁጥሩን ከደብተሩ ጋር አስተያየ። ክኒኑን መልሶ ፖስታው ውስጥ ጨመረና፣ እጁን ሱሪው ላይ አሸት አሸት አድርጎ ጠረገ።

«ሂጂ» አላት ሶሬቲን።

«ደብተሬስ?»

ለምን እንደጠየቀችው እስከ ዛሬ አታውቅም። ዓለምሰገድ ደብተሩን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ጠባቂዎቹም ተከተሉት።

ሦስቱ ግቢው ውስጥ ቀሩ። ሶሬቲ ወርቅዬን ልታቅፋት ስትጠጋ፣ ገብረየስ ኮቱን ከሚሠራበት ግንድ ላይ አንሥቶ፣ አንዳቸውንም ሳያይ በበሩ ወጣ። ወርቅዬ ሰሌኑ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና በርበሬዋን መቀንጠስ ጀመረች። እንባዋን በእጅጌዋ ስትጠርግ በርበሬው ዓይኗ ገባ፤ ሶሬቲ ውኃ አምጥታ አጠበቻት።

ክሊኒኩ ስትደርስ አለቃዋ ሲስተር አስመረት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ወሬው ቀድሞ ደርሷል። ሲስተር አስመረት ወደ ውስጥ አስገባቻትና በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ጉንጯን በቀዝቃዛ ውኃ በነከረችው ጨርቅ እየያዘችላት ሁለቱም አለቀሱ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት አቶ መኩሪያ በሩ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ሶሬቲን ሲያዩ ጉልበቷ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ።

«ኧረ ይተዉ አባባ!» ብላ በሁለት እጇ ያዘቻቸው። «ይግቡ፣ መርፌዎ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል።»

የሻሽወርቅ ግን አልመጣችም። ሶሬቲ ሁለት ጊዜ ከቤቷ ደጅ ደርሳ ሳትጣራ ተመለሰች፤ እግሯ እምቢ አላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ደብተሩ ከተወሰደ በኋላ ሶሬቲ ካርዶቹ ላይ የማይጻፉትን የቤት ቁጥሮች በቃሏ ለማስታወስ ብዙ ደከመች፤ አሥራ ሁለቱን አስታወሰች፣ ሁለቱ ጠፉባት። ከሁለቱ አንዱ ፋሲካ ሳይደርስ ሾላ አካባቢ እንደሞተ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን በወረቀት አልያዘችም። ጠዋት ጠዋት ከሲስተር አስመረት ጋር ካርዶቹን ከመደርደሪያው ላይ እያዩ በቃል ያጠናሉ፤ ከዚያ ሶሬቲ ባዶ እጇን ወጥታ በየቤቱ ትነግራለች፤ ለመወጋት የታመመው ራሱ ወደ ክሊኒኩ ይመጣል። ዓለምሰገድን በመንገድ ስታይ ወደ ቅያስ ትገባለች። አንድ ቀን ግን ቅያስ የሌለበት ቦታ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

ገብረየስ አሥራ አንድ ቀን እህቱ ቤት ከረመ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወርቅዬን አስከትሎ ክሊኒኩ መጣ። እሱም ያስለው ነበር፤ የበርበሬው መስሎት ነበር። አክታው ተመርምሮ በሽታው ተገኘበት። ሶሬቲ መድኃኒቱን በመርፌ ስትመጥ ጠርሙሱ ከመርፌው ጋር እየተጋጨ ተንቀጫቀጨ፤ ከዚያች ዓርብ ወዲህ እጇ እንዲያ ሆኖባታል።

ገብረየስ አየውና «እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አላት።

«አዎ ጋሼ።»

«ያሳምማል?»

«መርፌው? ትንሽ።»

ወርቅዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አይ፣ በጣም ያማል» አለችው። «ጥርስህን ንከስ።»

ገብረየስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሶሬቲ በግራ እጇ የቀኝ እጇን አንጓ ደግፋ ወጋችው።