ሽቦውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ የሬዲዮ ጣቢያ ሲቀይር የሚሰማው የሽሽሽ ድምፅ ጆሮዬ በገባ ቁጥር የቀኝ እጄ ጣቶች በራሳቸው ጊዜ ይጨበጣሉ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ባለችው ቤታችን ሬዲዮው የአጎቴ የጋሽ ሞገስ ነበር። ተራራው ድምፁን ስለሚያውክ የአንቴናውን ሽቦ በእጁ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር፣ እሱም እኔ ነበርኩ። «አንቺ፣ አትነቃነቂ! እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ በይ!» ይለኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ በአንዱ ክረምት፣ ታላቅ ወንድሜ አበራ ሰሜን ጦር ሜዳ ነበር። አጎቴ መጀመሪያ የአገር ውስጡን ዜና ከፍ አድርጎ ለእማዬ ያሰማት ነበር፤ አበራ ያለበት ከተማ በወገን ጦር እጅ ነው ይላል። ከዚያ እሷን እራት አቅርቢ ብሎ ወደ ማድ ቤት ሸኝቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከውጭ አገር የሚተላለፈውን የአማርኛ ዜና ከጎረቤት ወንዶች ጋር ያዳምጥ ነበር፤ ያኛው ጣቢያ ግን ከተማው በአማፂዎቹ ተይዟል ይላል። ጠዋት ደግሞ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እትዬ ጫልቱ ደጃፋችን ሲያርፉ የኦሮምኛው ዜና ይከፈትላቸዋል፤ ቋንቋውን ትንሽ ትንሽ እሰማ ስለነበር ጆሮዬን ብጥልም፣ ስለ እህል ዘርና ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ከተማው አንድ ቃል አልነበረውም። አንድ ከተማ የእኛም፣ የእነሱም፣ የማንም ሊሆን እንዴት እንደሚችል ግራ ይገባኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ እማዬ ለአበራ ስንቅ የሚሆን የእንጀራ ድርቆሽ ማስጣት ጀመረች።

«ጋሼ፣ ይደርሰዋል?»

«አይዞሽ፣ ከተማው በእጃችን ነው። ራሴ እልክልሻለሁ» ይላትና ቋጠሮውን ይቀበላት ነበር።

ጥቅምት ላይ አላስቻለኝምና ከውጭው ጣቢያ የሰማሁትን ለእማዬ ነገርኳት። አጎቴ በር ላይ ሆኖ ሰምቶ ሳቀ። «ልጅ አይደለች? ሽቦው ናላዋን አዙሮታል!» እማዬ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ተመልሳ ድርቆሹን ማገላበጥ ያዘች። አምናው ይሁን ማመን ፈልጋ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በበጋው የአበራ መርዶ መጣ። አጎቴ ከሁሉም በላይ ጮኾ አለቀሰ፤ እናቱ እንዳትጎዳ ብዬ ነው የደበቅኋት እያለም በለቀስተኛው ሁሉ ይመሰገን ነበር። እኔ ግን ለለቀስተኛ መቀመጫ ጂባ ላወጣ ክፍሉ ገብቼ፣ የእማዬን ቋጠሮዎች ከእሱ አልጋ ሥር ሻግተው አገኘኋቸው። እኔ አላመሰገንኩትም።

አሁን መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ሽቦ የሚይዝ አያስፈልግም፣ ሁሉም የየራሱን ዜና ከየስልኩ ይሰማል። የልጅ ልጄ ወታደር ነው፤ ሳሎን ስገባ ልጄ የስልኳን ድምፅ ትቀንሳለች።

«ምን አሉ?» እላታለሁ።

«ምንም፣ እማዬ። ሰላም ነው።»

ያኔ ሦስቱንም ዜና እየሰማሁ ግራ ይገባኝ ነበር፤ ዛሬ የሚደርሰኝ ለእኔ የተመረጠው ብቻ ነው። «እሺ» እላትና በረንዳ ላይ ያሰጣሁትን ድርቆሽ ላገላብጥ እወጣለሁ።