ጀርባውም የሚናገር ሳንቃ

መርዶው የደረሰኝ ጎህ ሲቀድ ነው። የግቢያችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ባንድ ሲገቡ አየሁና የያዝኩትን የውሃ ጣሳ ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩት። እንዳይደፋ ነው። በሱዳኗ ገዳሪፍ ውሃ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው። በዚያች ሰዓት ሰው ስለ ውሃ ያስባል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ እኔ ግን አሰብኩ።

እማማ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤቴ አንገቴን አቅፈው፣ «ልጄ፣ አባትሽ በሰኔ አርፈዋል። እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። ያኔ ኅዳር ነበር። ከልቅሶው መሃል አንድ ነገር ብቅ እያለ ያስደነግጠኝ ነበር፦ ከአገር ቤት የተላከልኝ ካሴት የደረሰኝ በጥቅምት ነው። አባቴን ልስማ ብዬ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ስለጥፍ፣ እሱ አፈር ከገባ አራት ወር ሆኖታል።

በደርግ ጊዜ ደብዳቤ ይዞ ድንበር ማለፍ ያስጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሰዉ ዘፈን ነው እያለ ድምፁን በካሴት ይልካል። የእኔን ካሴት ያመጣው ሰሊጥ ሊያጭድ የመጣ ያገሬ ሰው ነው። ከስንቁ ከረጢት ሥር አውጥቶ፣ «የጥምቀት ለት የተቀዳ ነው፤ አባትሽ ከበሮ ይዘዋል» ብሎ ሰጠኝና ወደ እርሻው ሄደ። ማን እንደቀዳው አልነገረኝም።

በትንሿ ቴፔ ከፈትኩት። ዝማሜው አለ፤ ጽናጽሉ አለ፤ እልልታው አለ። ከበሮው የለም። በከበሮው ቦታ ጥፍር ቆርቆሮ ሲነካ የመሰለ ነገር ብቻ ይሰማል። አባቴ ደግሞ ከከበሮው ሌላ ድምፅ አልነበረውም። «እግዜር ጉሮሮ ቢነፍገኝ እጅ ሰጠኝ» ይል ነበር። ግራ እጁ በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ የተሰበረ ነው፤ ስለዚህ የግራው ምት ከቀኙ ዘግየት ትላለች፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ግቢ እስኪሏት እንደምትጠብቅ እንግዳ። እኔ ልጅ ሆኜ ከወንዝ ማዶ በዚያች መዘግየት ነበር የማውቀው። አሁን እጄ ላይ ያለው አባቴ የሌለበት የአባቴ ካሴት ነው።

ከሰልስቱ በኋላ ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ገበያው ዳር ሬዲዮ ወደሚጠግኑት ሰው ሄድኩ። የመተማ ሰው ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሐጂ ነው የሚላቸው።

«ሐጂ፣ ይቺን ብቻ ይንገሩኝ። ከበሮው ካሴቱ ውስጥ አለ ወይስ የለም?»

ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አለ» አሉ። «ያንቺ ቴፕ ነው ጉሮሮው ጠባብ። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ልታሳልፊ ነው የምትታገይው።»

«እሱ የኛ ወንጌል አይደል እንዴ?»

«በእኛም አለ። ግመሉ የሁላችንም ነው።»

ከመርዶው ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ለአርባው አልደረስኩም፤ ለሙት ዓመቱ ግን የአባቴን እጅ መስማት እፈልጋለሁ አልኳቸው። የነፍስ አባቴን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር፤ «ለቴፑ አትስገጂ እንጂ ማዳመጡ ምን ኃጢአት አለው» ብለውኛል።

ሐጂ በጠመኔ መሬት ላይ ነደፉልኝ። ሁለት ሰፋፊ ሳንቃ፣ በየሳንቃው አንድ ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው አንድ ድምፅ ማጉያ። ቀዳዳው ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን ይላል። ከኋላ ምንም የለም፤ ባዶ ነው።

«ሳጥን አይሠሩለትም?» አልኳቸው።

«ሳጥን የገባ ድምፅ ሳጥን ሳጥን ይላል። የሰው ድምፅ ሜዳ ላይ ነው የሚያምረው። ወፍራሙ ድምፅ ግን አመለኛ ነው። ከፊት የወጣውን ከኋላ የወጣው በጠርዙ ዞሮ ይመጣና ይውጠዋል። ስለዚህ ለከበሮው ለብቻው ዝግ ቤት እንሠራለታለን። የራሱ አምፕሊፋየር፣ የራሱ የመኪና ባትሪ።»

ዝጉ ቤት የሻይ ቅጠል የመጣበት የኮምፔርሳቶ ሣጥን ሆነ። ትልቁን ድምፅ ማጉያ ከሠርግ ቤት ተቀድዶ ከተጣለ ዕቃ አገኙት፤ ቅዳጁን በግራር ሙጫ ጠገኑት፣ የሣጥኑንም መጋጠሚያ በዚያው ደፈኑት። ሆዱን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ፋው ወደሚባለው የጥጥ እርሻ ወርጄ በእጄ በለቀምኩት ጥጥ። ቀጫጭኑን ድምፅ አግዶ ወፍራሙን ብቻ የሚያሳልፍ የመዳብ ሽቦም የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። ዙሩ እንዳይሳሳት በመቁጠሪያዬ ቆጠርኩ፤ አንድ ዙር፣ አንድ «እግዚኦ ተሠሃለነ»። ሐጂ የራሳቸውን መቁጠሪያ ጣታቸው ላይ እያንከባለሉ፣ «ይኼ ሽቦ ካልሠራ እንግዲህ ማንን እንወቅሳለን?» ይሉኝ ነበር። ያ በጋ የማሽላ አቧራ ፀሐይ ውስጥ ቆሞ የሚቀርበት በጋ ነበር። ስጠመጥም አንዳንዴ እጄ የማን እንደሆነ ይጠፋብኛል።

ሰኔ ሲገባ ሳንቃዎቹን በአህያ ጋሪ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። ስህተቱን የሠራሁት ያኔ ነው። የጥምቀት ዜማ የሚወጣበት ነገር መሃል ቤት እርቃኑን እንዴት ይቆማል? ቤት ጠርጌ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ከምጸልይበት ሥዕል ሥር አስጠጋሁና መጋረጃ ጋረድኩባቸው። ከፈትኩት። ካህናቱ በብርድ ልብስ የታፈኑ ይመስላሉ፤ ከበሮውም ድፍን ጭጋግ ነው።

እማማ በር ላይ ሆነው፣ «የአንቺ ነገር! በጋውን ሙሉ የደከምሽው ለዚህ ነው? የጎረቤት ወፍጮ ይሻላል» አሉ። መለስ ብለው ግን፣ «ነይ እስቲ ሐጂን እንጥራቸው» አሉኝ።

ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መጋረጃውን ሲያዩ ጺማቸውን ያዙ።

«እህቴ፣ ምን በደለሽና ነው የከፈንሽው?»

«ሐጂ፣ ዜማ እኮ ነው።»

«ዜማ መሆኑን አውቃለሁ። ይኼ ሳንቃ ጀርባውም ይናገራል። ግድግዳ ላይ ስታስደግፊው ግማሽ አፉን ያዝሽው።»

ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ ሰፊው የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው እያለ ያስተማረኝ አባቴ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ ግድግዳ ላይ ያስደገፈ ዲያቆን ካየ፣ «አንዱ አፉ ምን ብሎ ሰደበህ?» ይል ነበር። ለካ ሐጂ የሠሩልኝ ይኸንኑ ነው። መጋረጃውን በእጄ አወረድኩ። ሳንቃዎቹን ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ሳብናቸው፤ የሻዩን ሣጥን ጥግ አስቀመጥነው።

ካህናቱ መሃል ቤት ቆሙ። ከሳንቃው አይደለም የሚወጡት፤ በማሽላው ጆንያና በአልጋዬ መካከል ቆመው፣ ነጭ ለብሰው፣ ወዲህና ወዲያ የሚሉ መሰለኝ። ቀጥሎ መሬቱ ተናገረ። የሻይ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ተንቀጠቀጡ፤ ከሣሩ ጣራ ትንሽ አቧራ ወረደችና ነጠላዬ ላይ አረፈች። ሁለት ከበሮ ነው። አንዱ ትክክል ይሄዳል። የሌላው ግራ እጅ ዘግየት ትላለች።

«ግቢ» አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ።

ወደ ቸብቸቦው፣ ጭብጨባው ወደሚፈጥንበት መደምደሚያ፣ ሲቃረብ፣ እልልታው ሲደምቅ፣ የምትዘገየዋ ከበሮ ቀረች።

«ሐጂ፣ ባትሪው አለቀ!»

ሐጂ ሣጥኑ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ምቱን ዳሰሱ። «ባትሪ ቢያልቅ ሁለቱም ይጠፉ ነበር። ያኛው እየመታ ነው።»

መልሰን አጠነጠንነው። እዚያው ቦታ ላይ ቀረች። ለሦስተኛ ጊዜም እዚያው። ሐጂ ጫማቸውን ሲያጠልቁ፣ ፊቴን ሳያዩ፣ «እህቴ፣ እኔ የማወጣው ያለውን ብቻ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ሙት ዓመቱን አወጣሁ። ሰዉ ሁሉ ሰማ፤ እስከዚያች ቦታ ድረስ ብቻ ነው ያሰማሁት።

ሳንቃዎቹ ዛሬም ከግድግዳ ርቀው ቆመዋል፤ በመካከላቸው እያለፍኩ ነው የምኖረው። አባቴ ቸብቸቦ ሳይደርስ ከበሮ አውርዶ አያውቅም። በዚያ ጥምቀት ባሕረ ጥምቀቱ ዳር የነበራችሁ ያገሬ ሰዎች፣ በሕይወት ካላችሁ፣ ወደ ገዳሪፍ በሚመጣ ሰው ቃል ላኩልኝ። ሕመም ጀምሮት፣ ደክሞት ራሱ ነው ያወረደው ወይስ ከአንገቱ ላይ የተቀበለው ሰው አለ? አባቴስ ያን ጊዜ ምን አለ? ከተቀመጠስ፣ ማን ደገፈው?