ሰማዩ የታወከበት ማምሻ

የሰሜን ዋልታ ሰማይ በአረንጓዴና በቀይ ብርሃን የሚነድ ዕለት እኔን ማየት ነው፤ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ያደርገኛል። ሥራዬ ነዋ! እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ኤሌክትሪክ የተሸከመ ፕላዝማ ነው፤ ብርሃኑ ሲበረታ ይሄ ፕላዝማ ዋልታውን አቋርጦ ከቀኑ ወገን ወደ ሌሊቱ ይጎርፋል፣ በግራና በቀኝም ዞሮ ይመለሳል። ያን ዕለት ጣና ዳር ደልጊ፣ አባቴ ቤት ሆኜ የጎርፉን ካርታ በስልኬ እያየሁ ስፈነድቅ አረፈድሁ። ሁከቱ እኛ ሰማይ ድረስ እንደሚደርስ፣ የስልክን ቦታ ጠቋሚም እንደሚያሳስት አውቃለሁ። ማወቅ ብቻውን ምን ይፈይዳል!

ከሰዓት አባቴ በሞተር ጀልባቸው ወደ ባሕር ዳር ይዘውኝ ተነሡ። ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ጣናን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ከተማው ጋ ስንቃረብ መሸ፤ ካፊያና ጉም ወረደብን። መብራት ሄዶ ኖሮ አንዲት አምፖል እንኳ አልታይ አለች። ስልኬን አወጣሁ። ቦታችንን የምታሳየው ነጥብ አንዴ የብስ ላይ፣ አንዴ ከኋላችን ስትዘል ቆይታ ጭራሽ ጠፋች። ወደቡን ስተን ወደ ዓባይ መውጫ ከገባን፣ ማምሻ ላይ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያ ነው። ጀልባዋን ቢገለብጥ የሚደርስልን የለም።

አባቴ ሞተሩን አጠፉ።

«መግሪብ ነው፤ ልስገድ» አሉ።

«አባ፣ አሁን? ውሃው እየወሰደን እኮ ነው!»

እንደተቀመጡ መስገድ ጀመሩ። ተናደድሁባቸው፤ እጄ ግን የጀልባዋን ጠርዝ አልለቅም አለ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በዝምታው ውስጥ ከፊታችን፣ በጣም ከቅርብ፣ ጉማሬ አናፋ። ሌላው መለሰለት። ሞተሩ ባይጠፋ ኖሮ በላያቸው ላይ እንወጣ ነበር።

አባቴ ስግደታቸውን ጨርሰው መቅዘፊያ አቀበሉኝ። መብራት መጥቶ ከተማው እስኪታየን ድረስ ድምፅ ሳናሰማ ወደ ኋላ ቀዘፍን።

ዳር ስንደርስ ዘልዬ ወረድሁ። እሳቸው አልተነሡም።

«እርስዎ ሞተሩን ባያጠፉት አልቆልን ነበር። ውሃውን እንዴት ቢያውቁት ነው!» አልኋቸው።

«መስገዱንስ እሰግድ ነበር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሞተሩን ያጠፋሁት ግን፣ ወላሂ፣ የት እንዳለን ጠፍቶኝ ነው። እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ዝም አልሁ።»

ክንዳቸውን ይዤ አወረድኋቸው። ጣና ላይ አባቴ እያሉ እንጠፋለን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ደረቅ መሬት ላይ ቆሜ መንቀጥቀጥ የጀመርሁት ያኔ ነው።